ሠላሳ አንድ ቤት በአንድ ጠዋት ተዘርፏል ስለመባሉ

የቃል ሰጪው ስም፦ በሰፈሩ «ሰዓት ሠሪው» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 74 («በልብ 20 ብለህ ጻፍ» ብለዋል፤ አልተመዘገበም)
አድራሻ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው በር
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ግለሰብ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ነው። የልጅ ልጄ መምህርት ትናንት «በቤታችን የደረሰ ነገር» የሚል ድርሰት ስታርም፣ ሠላሳ አንድ ተማሪዎች እሑድ ጠዋት ምርኩዝ የያዘ መላጣ ሽማግሌ በመስኮት ገብቶ ሬዲዮ ወሰደብን ብለው ጽፈው አገኘች። መምህርቷ መቀዳዳታቸውን አውቃ ለሁሉም ዜሮ ሰጠች፤ ሆኖም አንዱ ቤት በእውነት ሳይዘረፍ አይቀርም ብላ ለፖሊስ አመለከተች። በአካባቢው መላጣም ባለምርኩዝም እኔ ብቻ በመሆኔ ተጠረጠርኩ።

ሬዲዮ መውሰዴን አልክድም። የወሰድኩት ግን ከራሴ ቤት ነው። አማቼ እሑድ እሑድ ኳስ እየከፈተ ጆሮዬን ስለሚበጥሰው፣ ክፍሉን ቆልፎ ሲወጣ በመስኮት ገብቼ ወሰድኩ። ሬዲዮው አሁንም ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ለአማቼ እንዳይነገርብኝ እለምናለሁ። የልጅ ልጄ አይታኝ ስትስቅ ሰንብታ ድርሰት አደረገችው።

መርማሪው «ታዲያ አባባ፣ ሠላሳ አንዱም ተሰርቀናል ይላሉ እኮ» ሲለኝ፣ «ባንተ ቤት በዚህ ጉልበቴ ሠላሳ አንድ መስኮት ዘልያለሁ? ከዘለልኩማ ሸልመኝ እንጂ አትሰረኝ» ብያለሁ። አንዱ ቀጂ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላው ወንድ ልጅ ሆኖ ሳለ «ያሰጣሁትን ቀሚሴን ረግጦ ወጣ» ይላል።

ያንገበገበኝ መጠርጠሬ አይደለም። በዚያ ዜሮ የልጅ ልጄ ክፍል ልትደግም ነው። እሷ ያስቀዳችው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ሌባው አያቷ መሆኑ የተጻፈው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። ሠላሳው ቀጂ ሌባውን ሳይዙ ያቆሙት ለዚህ ነው። መምህርቷ ደግሞ ያንኑ ታሪክ ደጋግማ ከማንበብ ብዛት ታክቷት የእሷን ወረቀት አልገለበጠችም።

ወረቀቶቹን ይዛ እዚሁ ጣቢያ የመጣችውን መምህርት «እስቲ ገልብጪው የኔ ልጅ» አልኳት። ገልብጣ አነበበች። ዜሮውን ሰርዛ ሰባት ከአሥር ጻፈች።

«ሦስቱስ የት ገባ?»

«ስላስቀዳች ነው አባባ።»

«አንደኛውን ገጽ ስጫቸው፣ ሁለተኛውን ደብቂ» ብዬ የመከርኳት እኔ በመሆኔ በዚህ ላይ አልተከራከርኩም።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። እውነት መሆኑን፣ ከማንም አለመቅዳቴንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ ………
የመርማሪው ፊርማ ………