ምርኩዝ የሚመለስበት ቀን

አንድ ማለዳ የምርኩዝ ማኅበሩ ሊቀመንበር በብብት የሚያዙ ሁለት የእንጨት ምርኩዞች ተሸክመው በሆስፒታሉ በር ሲንጎራደዱ፣ ነርሷ የእህታቸው ልጅ ወደ ሥራ ስትገባ ድንገት ተገናኙ። ሊቀመንበሩ አናጢ ናቸው። በጉልምስናቸው ዘመን እግሩ የተሰበረ ድሀ በሰው ጀርባ ታዝሎ ሲሄድ አይተው፣ ምርኩዝ እየሠሩ በነጻ ማዋስ ጀመሩ፤ ማኅበሩም ከዚያ ተወለደ።

«እንዴት አደሩ አጎቴ? ምነው፣ ታመሙ እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። የሚያነክስ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

«አገኙ?»

«አንዱን አየሁና ተከተልኩት። ለካስ ጫማው ጠቦት ኖሯል።»

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሆስፒታሉ ቁመቱ የሚስተካከል ቀላል የብረት ምርኩዝ ለሁሉም በነጻ መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የማኅበሩ መጋዘን እስከ ጣራው ሞልቶ ተዋሽ ጠፍቷል። በጎ ፈቃደኞቹም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያንኑ ምርኩዝ ይወለውላሉ።

«ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልበል፤ ማኅበሩ ሥራውን ጨርሷል። ቢዘጋስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው በቁሙ ይቀበራል? መነጽር በነጻ ይጠግን እንደነበረው ማኅበር ልሁን ነው የምትዪው? አንድ ቀን ዘግተው ሄዱ፤ መነጽሩ የተሰበረበት ሁሉ እየመጣ ጓጉንቸሩን ዳብሶ ተመለሰ!»

«እሱማ መዝጋት አይደለም፣ ጥሎ መጥፋት ነው። እኔ የምለው አቅምም ሰውም ሳለ፣ ተሰናብቶ መዝጋት ነው።»

«ስሙን ብታሳምሪው ሞት ያው ሞት ነው። ደግሞስ የሚሰበር እግር መቼ ይጠፋል?»

ይህን ሲሉ የሆስፒታሉ ዘበኛ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አልሰሙም? ጎረቤትዎ ግንበኛው ትናንት ከመሰላል ወድቆ እግሩን ሰበረ! እዚሁ ነው ያመጡት።»

«ተመስገን!» አሉ ሊቀመንበሩ ምርኩዞቹን ከትከሻቸው እያወረዱ።

ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን አሉ ጋሼ?»

የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ገና ያን ጊዜ ነው። ግንበኛው የአጥር ተጋሪያቸው ነው፤ ጣራቸው ሲያፈስ ሳይጠሩት የሚወጣላቸው እሱ ነው።

«እኔማ… መትረፉን ነው ተመስገን ያልኩት።»

«መትረፉን መቼ ነገርኩዎት?» አለ ዘበኛው።

ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ለችግር የቆመ ማኅበር ችግሩ ካለፈ በኋላም ሲቆይ፣ ደጉን ሰው ሳይታወቀው ችግር ናፋቂ ያደርገዋል። ሊቀመንበሩም አግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ይህን ያህል ወረድኩ?» አሉ ቀስ ብለው።

ነርሷ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ምርኩዝ ሲያውሱ ምን ይሉ ነበር፣ አጎቴ?»

«‹እግርህ ሲድን መልስ፤ ከዳነ በኋላ የያዝከው ምርኩዝ እግርን ያሰንፋል› እል ነበር።»

«ሲመለስስ? ምርኩዙን ከእንጨት መሥሪያው ደጃፍ ይቀበሉና ሰውየውን እስከ ውጭው በር ባዶ እጁን ያስኬዱት ነበር፤ ሁላችንም እናጨበጭባለን። ያን ጭብጨባ ወድጄ ነው ነርስ የሆንኩት። ዛሬ ሰፈሩ ድኖ ምርኩዙን ሲመልስ እርስዎ አልቀበልም አሉ።»

ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እሺ፣ የእኛን ምርኩዝ እስከ ዛሬ የያዙት ሽማግሌዎችስ? የጫፉ ጎማ ሲያልቅ ያንሸራትታል። ማን ይቀይርላቸዋል?»

«አሁን የአዘጋግ ጥያቄ ጠየቁ! ይህን ሳንመልስ በሩን አንነካውም። እያንዳንዳቸውን ቤታቸው ሄደን እንነግራቸዋለን፤ ጎማ መቀየሩን የሆስፒታሉ ጥገና ክፍል እንዲረከብ አስቀድመን እንዋዋላለን። የእንጨት መሥሪያውንና መሣሪያዎቹንማ የሙያ ትምህርት ቤቱ ስንት ጊዜ ለመነዎት! በእነሱ የሚያስተምር አናጢም የለውም።»

«እኔን ነው?»

«ሌላ ማን አለ?»

በዚህ መሐል ግንበኛው እግሩ በጀሶ ታሽጎ፣ በሆስፒታሉ ምርኩዝ እየተንገዳገደ ወጣ።

«ጋሼ መውደቅህን ሲሰሙ ተመስገን ብለዋል!» ብሎ ዘበኛው አሳበቀ።

«መውደቁን ነው እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ ዘለው ሲነሱ። «ጣራዬን ከጨረሰ በኋላ መውደቁን ነው!» ግንበኛው እስኪያመው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ያመጧቸውን ምርኩዞች ለነርሷ አስይዘው፣ ክንዱን ደግፈው ቤቱ አደረሱት።

መዝጋቱ ወራት ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ጎማቸው ከማለቁ በፊት የጥገና ክፍሉን በር አወቁ፤ በጎ ፈቃደኞቹ ውልወላውን ትተው ከሆስፒታል የሚወጡ ሕሙማንን ቤት ማድረስ ጀመሩ፤ ማኅበሩን የረዱት ሁሉ መዘጋቱን ከሊቀመንበሩ ከራሳቸው ከምስጋና ጋር ሰሙ እንጂ ከወሬ አልሰሙም። በጊዜው የተዘጋ በር ማንንም ደጅ አያሳድርም።

በመጨረሻው ቀን ሊቀመንበሩ የእንጨት መሥሪያውን ቁልፍ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረከቡና ባዶ እጃቸውን ወደ ውጭው በር አመሩ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ፤ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው እግሩ የዳነው ግንበኛ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አላነከስኩም አይደል?»

«ትንሽ» አለች ነርሷ። «ጫማዎ ጠቦ ይሆናል።»