በኩታ ጥለት የተፈተነው መብራት

በዚያ ክረምት በረዶው የሲናን ወረዳን ገብስ መሬት ላይ አስተኛው። ገበያው ቀዘቀዘ። ደብረ ማርቆስ ላይ ከፍሎ ትያትር የሚያይ ሰው ጠፋ። በትያትር ማኅበሩ አዳራሽ ከነበሩት ስድስት የመድረክ አምፖሎች አራቱ ተቃጠሉ። አንድ የእህል ነጋዴ አዳራሹን መጋዘን ላድርገው ብሎ ጠየቀ፤ አባላቱም ለመስቀል ሰሞን ትያትር ካልቀረበ ሊያከራዩት ተስማሙ።

ገንዘብ ያዡ አቶ ገዳሙ የቀረችውን የማኅበሩን ብር በብብታቸው ይዘው ወደ አብዱልቃኒ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄዱ። እዚያ የኔአለምን አገኟት። የቀድሞው የአዳራሹ መብራት ሠራተኛ የቢተው ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ትያትር ተምራ የተመለሰች።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ? ምን ሊገዙ ነው?"

"የዱሮውን አምፖል።"

"የዱሮውንስ ይተዉት። ኤልኢዲ ይግዙ፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው የሚበላው።"

ገዳሙ አንዴ እሷን፣ አንዴ ባለሱቁን አዩ። "ስንት ኮሚሽን ያስብልሻል?"

አብዱልቃኒ ሳቀ። "እርስዎ እኮ ጥላዎንም ደረሰኝ ይጠይቁታል።"

"ጥላዬ ዋጋ ጨምሮብኝ አያውቅም።"

ገዳሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ግን መጠርጠርን እንደ ጨዋነት ይቆጥረዋል፤ አንዳንዴም የሚጠረጥረው ለማወቅ ሳይሆን ላለማወቅ ነው።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አወጣ። በያዙት ብር አንደኛው አሥራ ሁለት ይገዛል፤ ቀለሙን ይለዋውጣል። ሌላው አራት ብቻ ነው፤ ነጭ።

"አራቱን ይግዙ" አለች የኔአለም።

"አሥራ ሁለት ትተሽ አራት! ይኼ ነው ትምህርቱ?"

"ኩታዎን ያውሱኝ።"

እያቅማሙ ሰጧት። የኩታቸው ጥለት ቀይ ነው። በርካሹ መብራት ፊት ስትዘረጋው ጥለቱ ቡናማ ሆነ፤ የያዘው እጇም የሬሳ መሰለ። መብራቱ ውስጥ ያለው የማቀዝቀዣ ፋንም ያጉረመርማል።

"ማሲንቆ ሲመታ ይኼ ድምፅ አብሮ ይሰማል። ተመልካቹ ደግሞ የሚመጣው ፊት ለማየት ነው።"

በሌላው መብራት ፊት ስትዘረጋው ጥለቱ ቀይ ሆነ። ገዳሙ አላመኑም። ኩታውን ተቀብለው ወደ ደጅ ወጡ፤ በፀሐይ አይተው ተመለሱ፤ ደግመው ወጡ።

"መብራቱስ ይሁን። ሽቦውን ደግሞ ቀይሩ ልትሉኝ ነው።"

"አይቀየርም። የዱሮዎቹ እያንዳንዳቸው ሺህ ዋት ይስባሉ። አዲሶቹ አራቱም ተደምረው ስምንት መቶ አይሞሉም። ሽቦው የዱሮዎቹን ስድስት አንድ ላይ አይችልም፤ አዲሶቹ ግን አያሞቁትም።"

"ስድስቱንም ሲችል ኖሯል።"

"ኖሯል? መሃሉ ቀልጦ የተቀጠለ ነው፤ አይቼዋለሁ። መብራት ሠራተኛ አገጣጠሙን ቢያበላሸው ጫፉ ነበር የሚቃጠለው። መሃሉ የቀለጠው ጭነት ስለበዛበት ነው።"

ገዳሙ ፊታቸው ተለወጠ። "አባትሽ ነው የላከሽ?"

"አባቴ ስለዚያ እሳት አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም።"

ገዳሙ ወንበር ሳቡ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በሐምሌ ብርድ፣ ተዋንያኑ በልምምድ ላይ ሲንቀጠቀጡ፣ "ስድስቱንም አብራቸው፣ እንሙቅባቸው" ያሉት ራሳቸው ነበሩ። ቢተው "ሽቦው ይግላል" ብለው ነበር። በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ሲቃጠል ገዳሙ በአባላቱ ፊት "ሰክሮ ነው" አሉ። ቢተው ተባረሩ። የመድረክ መብራት ምድጃ እንዳልሆነ ያን ጊዜ የሚነግራቸው አላጡም፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነበር።

"አራቱን ጠቅልልልኝ" አሉ ገዳሙ። "ደረሰኝም ጻፍ።"

ለመስቀል ሰሞን አዳራሹ ሞላ። ነጋዴውም መጋዘን ሌላ ቦታ ፈለገ። ትያትሩ መሃል ላይ የከተማው መብራት ሲጠፋ በውሰት የመጣች ትንሽ ጄኔሬተር አራቱን አምፖሎች ያለ ችግር ተሸከመች። በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት የተዋናይዋን እንባ አዩ። የወሩ የኤሌክትሪክ ክፍያ ከግማሽ በታች ወረደ። ጥቂት ነገር አስተውሎ መግዛት ከብዙ ግርግር እንደሚሻል ማኅበሩ በዓይኑ አየ።

ትያትሩ ሲያልቅ ገዳሙ የኔአለም ለምና ያመጣቻቸውን ቢተውን ከሕዝቡ መሃል በዓይናቸው ፈልገው ወደ መድረኩ ወጡ።

"ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ቆሜ ይኼን ሰው ሰካራም ብዬው ነበር። አልሰከረም። ስድስቱን አብራ ያልኩት እኔ ነኝ። በሰው ፊት የወሰድኩበትን ስሙን በሰው ፊት እመልስለታለሁ። ቢተው፣ ይቅር በለኝ።"

ቢተው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቆባቸውን አወለቁ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ።