የአልበማችን መክፈቻ

«አንዱ ብቻ ይንፋልኝ፤ የሌሎቹን በኮምፒውተር እሠራዋለሁ» አለ የስቱዲዮው ባለሙያ። እኔ በአሶሳው ባንዳችን ጊታር ስጫወት የሸበትሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን የአልበማችንን መክፈቻ ዙምባራ በሚባለው የባህል መለከት ልናስጀምር ነፊዎችን ከመንጌ ወረዳ ጠርተን ነበር። በዙምባራ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚፈጠረው ሲቀባበሉ ነው። አዛውንቱ ነፊ ሐሚድ፣ «እና እኛ እንሂድ?» ሲል ደሜ ፈላ። «አንድ ሰው ከጎደለ ዘፈን የለም!» ብዬ አምባረቅሁ። ባለሙያው ደንግጦ ሁሉንም በአንድነት ቀረጸ።

መልሶ ሲያሰማን ግን ዘፈኑ የጀመረው በእኔ ጩኸት ነበር፤ ለካ ባለሙያው መቅረጫውን አላጠፋውም ነበር። ጓደኞቼ «ይኸው መክፈቻችን!» ብለው አጨበጨቡ። «በየትኛው ሥርዓት ነው የሰው ቁጣ ዘፈን የሚሆነው? አሁኑኑ ይውጣ!» አልሁ። ሐሚድ ዙምባራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሳቀ። «አንተ ነው ያልከው» አለኝ፤ «አንድ ሰው ከጎደለ ዘፈን የለም።»