የተዋጠችው ብሎን

ከወረታ በወጣው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ስልክ ጠጋኞች ተቀምጠዋል። አንደኛው የትናንሽ ካቻቢቴዎች ሳጥን ጭኑ ላይ ከፍቶ ለጓደኛው ያሳያል።

«የኔ ማግኔት አለው፤ ብሎኗን ጫፉ ላይ ልጥፍ ያደርጋታል። ያንተስ?»

«የኔ ማግኔት የለውም። ጫፉም ለስላሳ ነው፤ የብሎኑን ራስ እየበላ አስቸገረኝ።»

«ታዲያ የፈታሃትን ብሎን በምን ትይዛታለህ?»

«በከንፈሬ ነዋ።»

«እንዴ! ብትገባብህስ?»

«ዛሬ ጠዋት ዋጥኋት።»

«ብሎን? በስመ አብ! ደግሞ በሁዳዴ! ጾም ገደፍሃ!»

«ብረት ፍስክ ነው እንዴ?»

«እሱን ተወው። በምትኳ ምን አሰርህበት?»

«ረዘም ያለች ነበረችኝ።»

«ረዥሟ እኮ ቦርዱን ትበሳዋለች!»

«ቀጭ ስትል ሰምቻታለሁ።»

«ኧረ በማርያም! ለባለስልኩ አልነገርኸውም?»

«ስልኩ በርቶለት ‹እጅህ ይባረክ› ብሎኝ ሄደ። ምን ልበለው?»

«ማን ነው ሰውዬው?»

«እንጃ፣ ጉሮሮዬን እያሻሸሁ መልኩን መች አየሁት!»

ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ «እጅህ ይባረክ» ብዬ የተቀበልሁትን ስልክ ከኪሴ አውጥቼ ጆሮዬ ሥር ቀስ አድርጌ ነቀነቅሁት።