የቢጫ ካናቴራዬ እጅጌ

አንድ ቀን ከካርቱም ማዶ ባሕሪ በምትባለው ከተማ፣ ጋሽ መኮንን ጋራዥ እየተንጨረጨርኩ ገባሁና፣ ሠራተኞቻቸው ፊት፣ «ካልቻሉ አልችልም ይበሉኝ እንጂ!» አልኳቸው። ሰውዬው ካርቱም ውስጥ ያልፈቱት ሞተር የለም፤ እኔ ግን አንጀቴ አሮ ነበር። አሮጌዋ መኪናዬ የሌላ መኪና ትልቅ ሞተር ካስገጠምኩላት ወዲህ መብረሩንስ በረረች፤ በቆመችበት ሁሉ ግን ዘይት ታፈሳለች። ጋሽ መኮንን ሦስት ጊዜ ጓርኒሲዮን የሚሉትን የሞተር ማሸጊያ ቀየሩላት፤ ሦስት ጊዜ መልሳ አፈሰሰች። ዴም ሰፈሬ ውስጥ ደጃፉን ያላቆሸሽኩበት ጎረቤት አልቀረም።

እሳቸው ሞተሩን አስነስተው የዘይቱን ክዳን ሲፈቱት፣ እፍፍ ብሎ ፊታቸው ላይ ተነፈሰ። «ታፍኗል!» አሉና ከሞተሩ ጀርባ እጃቸውን ሰደው መተንፈሻ ቱቦውን ነቀሉ። ከውስጡ በፒንሳ ጎትተው ያወጡት የተጠቀለለ ቢጫ ጨርቅ ነው። የኔው አሮጌ ካናቴራ እጅጌ! ለካ ያ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል የመጣ ጊዜ፣ ለአዲሱ ሞተሬ ሳስቼ፣ አቧራ እንዳይገባበት ወትፌው ረስቼዋለሁ።

«ማነው ይሄን የከተተ?»

«ወላሂ፣ እኔ ነኝ ጋሽዬ።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሞተርም እኮ ይተነፍሳል! ከላይ ስታፍነው በታች ለቀቀብህ!» ሲሉ ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ ጉልበታቸው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ሳቅ አሸነፈኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዬ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ሰማዩ በአቧራ በቀላ ቁጥር ግን ጋሽ መኮንን ይደውሉልኛል፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፣ «ሁለቱም እጅጌህ አለ?»