ስለ ቦይለሩ ሳጥንና ስለ ሷሊሕ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የዘይት ፋብሪካችን ሠራተኞች ሁላችሁ፤

ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁ፣ ይልቁንም ከትናንት ጀምራ ላይ ታች ስትል ለዋለችው ለወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ምስጋናዬ ይድረስ። በጉ የሰባ ነው። ለሙስሊም ባልደረቦቻችንም ፍየሉ ለብቻ መታረዱን አይቻለሁ። ጋቢውም ሸጋ ነው። ሰብለ ወንጌል ስታለብሰኝ፣ "አያ አላምረው፣ ለብርዱ ነው" አለችኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ወዲያውኑ እንደሚበርደው ማን ነገራት?

ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚህ ወዲያ የሚያስቅ ነገር ብዙ አልያዝሁም።

"ስለ ሥራህ ጥቂት ተናገር፣ አዲሶቹ ይማሩበት" ተብያለሁ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሥራውን የለመድሁት በጣሊያን ጊዜ፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሽቦ ስጎትት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ቦይለሩ አጠገብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተሰቅሎ ስለ ነበረው ግራጫ ሳጥን።

ኮምፒዩተር ሲባል ሰምታችኋል። አዲስ አበባ በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ክፍል ሙሉ የሚይዝ አለ ይባላል። የእኛው ሳጥን የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። የተሠራው በማሽን ሆድ ተቀምጦ አንድ ሥራ ብቻ እንዲሠራ ነው። እንፋሎት በሚያፈላልን ቦይለር ውስጥ ያለውን ውኃ በየሰከንዱ ይለካል። ውኃው ከጎደለ ደወል ይደውላል፤ በዚያችው ሰከንድ የናፍጣውን መስመር በኤሌክትሪክ ዘግቶ እሳቱን ያጠፋል። ያየውን ሁሉ ደግሞ በሚጠቀለል ወረቀት ላይ በሦስት ብዕር ይጽፋል፤ አንዱ ውኃውን፣ አንዱ እንፋሎቱን፣ አንዱ ናፍጣውን። ሰዓቱ በወረቀቱ ጠርዝ ታትሟል።

ሳጥኑን የተከለው ከአስመራ የመጣው ሲኞር ቤርቶ ነበር። ሁላችንንም ሰብስቦ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው አስተማረን። "ይሄ ማሰብ የለም። ይሄ ሰዓት አለ። ልክ መልስ፣ ዘግይቶ ከመጣ፣ ልክ የለም" አለ። የትምህርቱ መግቢያም መደምደሚያም ይኸው ነበር። ሌላው ኮምፒዩተር ቢዘገይ ሰው ይጠብቀዋል። ይህ ቢዘገይ ግን እሳቱ አይጠብቀውም።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ያን ዕለት የጠየቁትን ያስታውሱታል?

"ታዲያ ምን ያውቃል?" አሉ።

"ውኃ መጉደሉን ያውቃል፣ ጌታዬ" አልሁ።

"እሱንማ ሷሊሕም ያውቃል!" አሉ። እኛም ሳቅን። ሷሊሕም አብሮን ሳቀ።

ሷሊሕን የማታውቁት ትኖራላችሁ። የቦይለሩ ኦፕሬተር ነበር። የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ከእሳትና ከብረት ጋር መዋል መረጠ። አርባ ዓመት አልፎት እንኳ የቦይለሩን የውኃ ማሳያ ብርጭቆ በየጧቱ በራሱ ነጠላ ጫፍ ነበር የሚወለውለው። ከትምህርቱ በኋላ ሳጥኑን እያየ፣ "አያ አላምረው፣ ይህ እኮ የማይደክመው ጓደኛ ነው" አለኝ። አመነው ማለት ነው። እኔም እንዲያምነው አደረግሁ።

የ1963ቱ ሐምሌ መጣ። መገጭ ወንዝ ሞላ። ወደ ቦይለሩ የምንገፋው ውኃ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ ፓምፑ ይታፈናል፣ ውኃው ይወርዳል፣ ሳጥኑም እሳቱን ያጠፋል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ። በጠፋ ቁጥር የዘይት መጭመቂያው ይቆማል። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ እኔ መጡና፣ "አቶ አላምረው፣ ይህን ነገረኛ ሳጥን ዝም አሰኝልኝ" አሉ።

"አደጋ አለው፣ ጌታዬ።"

"አደጋውን ለእኔ ተወው።"

ተውሁላቸው። ክንድ የምታህል ሽቦ ቆርጬ በመዝጊያው ላይ አሻግሬ አሰርሁ። ከዚያ ወዲያ ሳጥኑ ውኃውን ይለካል፣ ይደውላል፣ ይጽፋል፤ ናፍጣውን ግን መዝጋት አይችልም። እንዲጮህ ትቼ እጁን አሰርሁት።

ሷሊሕ በማግሥቱ መጣ። "አያ አላምረው፣ ምነው ሳጥኑ ዛሬ እሳቱን አላጠፋብንም?"

"አስተካክዬዋለሁ" አልሁት።

"ሸጋ" አለ።

አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ይቀመጡ። አልጨረስሁም። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፣ በሩን አትዝጊ፤ መውጣት የሚፈልግ ይውጣ።

በአራተኛው ቀን ጧት ፓምፑ ጨርሶ ታፈነ። ሷሊሕ ወደ ወንዙ ሊወርድ ሲል እኔን ግቢው መሐል አገኘኝ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስም አጠገቤ ቆመው ነበር። "ወርጄ ጭቃውን ልጥረግ። ውኃው ቢጎድል ሳጥኑ እሳቱን ያጠፋዋል፣ አይደል?" አለኝ።

ምን ያልሁት ይመስላችኋል? አለቃዬን አየኋቸው። እሳቸው ወደ ሰማዩ አዩ። እኔም "ሂድ" አልሁት።

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ያቺን ቃል ሌላ ቃል ላደርጋት ሞክሬአለሁ። አልሆነችልኝም።

ደወሉ ሲጮህ እኔ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ነበርሁ። ሰማሁት። ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ሮጬ እሳቱን ማጥፋት እችል ነበር። ግን ከሮጥሁ ሽቦው እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ "ሷሊሕ ይደርሳል" አልሁ።

ደረሰ።

ከቦይለሩ ግድግዳ አጠገብ ይህችው እዚህ የተቀመጠችው ባንቺአየሁ ቆማ ነበር። ኑግ ስትለቅም በዝናብ ርሳ ልትሞቅ ገብታ ነው። ከግምጃ ቤቱ በር ሆኜ አየሁት፤ ሷሊሕ እየሮጠ ገባና በሁለት እጁ ወደ በሩ ገፈተራት። እሷ በደረቷ ወደቀች። ቦይለሩ ፈነዳ። እንፋሎቱ ግራ ፊቷንና እጇን በላው። እሱን ከቦይለሩ ጀርባ አገኘነው፤ ያገኘነውን አልነግራችሁም፣ በልታችኋልና።

አቧራው ሳይሰክን ወደ ሳጥኑ ሄድሁ። ለሞተው ያለቀስሁ እንዳይመስላችሁ። ሽቦዬን ነቅዬ ኪሴ ከተትሁ። ወረቀቱንም ጠቅልዬ ወሰድሁ።

በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱ ተነበበልን። "ኦፕሬተሩ ከቦይለሩ ጀርባ ተኝቶ ሳለ ውኃው በማለቁ" ይላል። "ደንግጦ ሲሮጥም ሠራተኛዋን ረግጦ" ይላል። ስድስታችን ፈረምን። አራታችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። አንዳችን፣ "አሁን ለሟች ምን ይጎዳዋል?" አለ። ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔ ነበርሁ ብላችሁ ብትገምቱም አልቆጣም፤ ያን ዕለት ሁላችንም አንድ አፍ ነበርን።

ባንቺአየሁ፣ እኅቴ፣ አሁን ለአንቺ ነው የምናገረው።

አምና ቅዳሜ ገበያ ላይ የሷሊሕን ሚስት ሙሚናን አገኘሻት። "ባልሽ ተኝቶ አቃጠለኝ፤ ረግጦኝም ሊያመልጥ ነበር" አልሻት። ሙሚና ምን እንደመለሰችልሽ ታስታውሻለሽ? "ይቅር በዪው። ከእንቅልፍ በቀር ጥፋት አልነበረበትም" አለችሽ። ምራቅሽን ተፋሽባት። እኔ ሽንኩርት ይዤ ከኋላችሁ ቆሜ ነበር። ሁለታችሁም ስለ ሌለ እንቅልፍ ስትጣሉ ሰማሁ። ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቁስቋም ሄድሁ።

ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። ከጧቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ደወል። ናፍጣው አልተዘጋም፤ እኔ አስሬዋለሁና። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የናፍጣው ብዕር ዝቅ ብሎ ዜሮ ላይ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ሊዘጋ አይችልም ነበር። በእጅ የሚዘጋው ቁልፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ያለውም ከቦይለሩ ጀርባ። ከዚያ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ሦስቱም ብዕሮች ይቆማሉ።

ገባሽ? መጀመሪያ አንቺን ወደ በሩ ገፈተረ። ከዚያ ወደ በሩ አልሮጠም፤ ወደ እሳቱ ተመለሰ። ሳጥኑ በአንዲት ሰከንድ ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ ሷሊሕ በእጁ ሠራው። በደንብ ዘጋው። ግን ብረቱ አስቀድሞ ግሎ ነበር። አምስት ደቂቃ ዘገየ፤ አምስቱንም ደቂቃ የሰረቅሁት እኔ ነኝ።

ለምን ዛሬ? ትሉ ይሆናል። ሕሊናዬ ነቅቶ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ይህ ነው። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ሳጥን ተተከለ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ ጠሩኝና፣ "ከመሄድህ በፊት ያችን የሽቦ ነገር ለቢያዝን አሳየው፤ ክረምት ሲመጣ እንዳንቸገር" አሉኝ። ቢያዝን አዲሱ ኦፕሬተራችን ነው፤ ያውና ሥጋውን እንደ ጎረሰ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ዋጠው፣ ቢያዝን። እኔ ያሳየሁህ ይኸው ነው። ክረምት ላይ ማንም ሽቦ ይዞ ቢመጣ፣ ቦይለሩን ራስህ አጥፍተህ ውጣ።

ዛሬ ጧት ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄጄ ነበር። ወረቀቱን፣ ሽቦውንና የእጅ ጽሑፌን ሰጥቻለሁ። የስድስታችንም ስም አለበት፤ የእኔ ከሁሉ በላይ፣ የአቶ ተክለ ጊዮርጊስ ትእዛዝ ደግሞ ቃል በቃል። እኔን ከዚህ በር ውጭ የሚጠብቀኝ ጡረታ ይሁን ወህኒ ቤት አላውቅም። እናንተም ዛሬ በደንብ ብሉ።

ከዚያ ሙሚና ቤት ሄድሁ። ሁሉንም ነገርኋት። እንደ ገባሁ "አንቱ" ብላ ወንበር የሰጠችኝ ሴት፣ ስጨርስ አንቱ ማለቷን ተወች። አላለቀሰችም። "ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ለተኛ ሰው ምሕረት ስለምን ኖርሁ። በየሶላቱ። አንተ ታውቅ ነበር" አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። "አንተን ይቅር አልልም፤ አትልፋ። ይልቅስ ለዚያች ለተቃጠለችው ሴት ነገርሃት?" አለች።

"አልነገርኋትም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አለችና በሩን ከፈተችልኝ።

እዚህ የመጣሁት ለዚያ ነው። በጉም ጋቢውም ሰበብ ናቸው።

እንግዲህ እንሰናበት። በልማዱ ተሰናባች ይመርቃል፤ ከእኔ ምርቃት የሚፈልግ ካለ ይቀበል። የምትጠብቁት እሳት ይታዘዝላችሁ። ልጆቻችሁ ሲጣሩ ሰምታችሁ ዝም የማትሉ ያድርጋችሁ። የሰው ስም ያቆሸሻችሁ ሁሉ፣ ባለስሙ ቤተሰብ በሕይወት ሳለ የምታጥቡበት ዕድሜና ድፍረት ይስጣችሁ። ቢያዝን፣ አንተ ደግሞ በዚያ ቦይለር አጠገብ አርጅተህ፣ እንደ እኔ ሳትሆን ጡረታ ውጣ። አቶ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ለእርስዎ እንቅልፍ እመኝልዎታለሁ፤ እኔ ካጣሁት ቆይቻለሁ።

ባንቺአየሁ... ተነሣሽ? እሺ። እኔን አትይኝ፣ ልክ ነሽ። የሙሚና ቤት አዲስ ዓለም፣ ከመስጊዱ በታች፣ በሩ ሰማያዊ ነው። አሁን ቤቷ ናት።

እናንተ በር ላይ የቆማችሁ፣ መንገድ ልቀቁላት።