ዝም ያለው ጠብታ

በኮንዶሚኒየሙ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ አንድ ሰዓት ሲቀር፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ስመኝ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳለች፤ የገንዳው ሠራተኛ ጋሽ ይመኑ በሩ ላይ ቆመዋል።

ስመኝ፦ የዛሬውን ሪፖርት አልፈርምም ጋሽ ይመኑ። ከገንዳው ናሙና ሦስተኛ ጠብታ አየሁ፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ተሕዋስ የለም።

ጋሽ ይመኑ፦ መለኪያ ሲሊንደሩን እይው እንጂ። ዝቃጩ በግማሽ ሰዓት እንደ ትናንቱ ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ላይ ረግቷል። ምን ጎደለው?

ስመኝ፦ ሲሊንደሩ ብዛቱን ነው የሚነግረኝ። ሬሳም ይዘቅጣል።

ጋሽ ይመኑ፦ ተኝተው ይሆናል።

ስመኝ፦ እንደ ዘበኛ አይተኙም። ቆሻሻውን የሚበሉልን እነሱ ናቸው፤ ትናንት ሲርመሰመሱ ነበር። ፈራሁ እኮ። ናሙናውን በምን ቀዱት?

ጋሽ ይመኑ፦ በዚያው ጠርሙስ። እንግዳ ይመጣል ብዬ በበረኪና ነው ያጠብኩት።

ስመኝ፦ እፎይ፣ ነፍሴ መለስ አለች። የፈጃቸው ጠርሙሱ ነዋ። በሉ በንጹሕ ዕቃ ይቅዱልኝ። ምነው፣ ቆሙ?

ጋሽ ይመኑ፦ ልጄ፣ ጠርሙሱን ብቻ አይደለም ያጠብኩት።

ስመኝ፦ ሌላ ምን አጠቡ?

ጋሽ ይመኑ፦ የገንዳው ጠርዝ አረንጓዴ አውጥቶ አሳፈረኝ። ጠዋት ሁለት በርሜል በረኪና ዙሪያውን ለቀቅኩበት። ለእንግዳ ቤት አይጸዳም?

ስመኝ፦ ወይ አምላኬ። የገንዳዎቹንም ተሕዋስያን ፈጅቷቸዋል ማለት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ወንዝ የገባው ሳይጣራ ነው፣ ከነበረኪናው።

ጋሽ ይመኑ፦ ዛሬን ሸፍኚኝ። ለጡረታ ሦስት ወር ነው የቀረኝ። የፈሰሰ ውሃ እንደሆን አይታፈስም።

ስመኝ፦ ያልፈሰሰው ግን ይገደባል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወደ ወንዙ የሚወስደውን የውሃ መውጫ በር ይዝጉ፣ ውሃው ወደ መጠባበቂያው ኩሬ ይዙር፤ እኔ ለሥራ አስኪያጁ ልደውል።

ጋሽ ይመኑ፦ ከደወልሽ አለቀልኝ። 

ስመኝ፦  ዛሬ ዓርብ አይደል? ለቅዳሜ ገበያ ታች ወንዙ ላይ ሰላጣ የሚያጥቡት እነማን ናቸው?

ጋሽ ይመኑ፦ የሰፈራችን ሴቶች ናቸዋ። ባለቤቴም... እሷም በጠዋት ነው የወረደችው። የልጅ ልጃችንን አዝላ።

ስመኝ፦ እና ልፈርም?

ጋሽ ይመኑ፦ የውሃውን በር ልዘጋ ሄድኩ። አንቺ ደውዪ፤ መጀመሪያ ለባለቤቴ፣ ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ። ማን አደረገው ካለሽ ስሜን እንዳትደብቂ።